ለመለያየታችን ምስክር ይፈለጋል

«እንግዲህ የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ ጠበቃው ጋርላንድ፣ ፈገግ ብሎ። «ምስክር።»

ቬርና አልደርማን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው። ይህን ልጅ ታውቀዋለች። በትምህርት ቤቱ የምሳ አዳራሽ ሃያ ስድስት ዓመት ድንች ስትጨልፍ፣ እሱም በተራው ለስድስት ዓመት ሰሃኑን ይዞ ፊቷ ተሰልፏል። ፎሶሊያ አይበላም ነበር። አሁን ክራቫት አስሮ ትዳሯን ሊያፈርስላት ተቀምጧል።

«ምን ያየ ምስክር?»

«እርስዎና አቶ ዶይል አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ባልና ሚስት እንዳልኖራችሁ ያየ።»

«እኔ አይቻለሁ። ዶይልም አይቷል፤ ቴሌቪዥኑን ያጠፋ ቀን።»

«የባልና የሚስት ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ወይዘሮ ቬርና። የቨርጂኒያ ሕግ ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል። በተለይ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ ለተለያየ ሰው።»

ማመልከቻው ላይ «ጥፋት የሌለበት ፍቺ» ተብሎ ተጽፏል፤ እውነቱንም ነው። ዶይል አይጠጣም፣ አይማታም፣ ከቤቱ ውጭ አያድርም። አንድ ቀን እንኳ ሰክሮ ገብቶ ሰሃን ሰብሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምንኛ በቀለለ! የሱ ነገር ሌላ ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ «ቁልፌን የት አደረግሽው?» ከሚለው በቀር አንድም ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም። ሥራ እንዴት ዋለ የለ፣ ምን አመመሽ የለ። እናቷ የሞቱ ቀን እንኳ ስልኩን ዘግታ ስትዞር «መኪናው ነዳጅ አለው» ብሎ ወጣ። ይህን ደግሞ የትኛው ዳኛ ጥፋት ብሎ ይጽፈዋል?

ባለፈው ዓመት ማርች ሦስት ቀን፣ ዶይል ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያሳይ ፕሮግራም እያየ ሳለ በቴሌቪዥኑና በሱ መካከል ቆማ ነገረችው። «ከዛሬ ጀምሮ ተለያይተናል።»

«እሺ» አለ ዶይል። እሷ ገለል ስትል ዓሣው አምልጦ ነበር።

ያን ቀን ማታ ትራሱን ይዞ ወደ ልጃቸው ወደ ሬኔ የድሮ ክፍል ገባ። ስምምነት ጽፈው ቢፈራረሙ ኖሮ ስድስት ወር ይበቃቸው ነበር፤ ዶይል ግን ከመንጃ ፈቃድ በቀር ወረቀት ላይ የማይፈርም ሰው ነው። ስለዚህ ዓመት። ቬርና ቤቱን ጥላ እንዳትሄድ፣ በምሳ አዳራሽ ጡረታ የሚከራይ ቤት በዚያ አገር አልተሠራም። ያላት ተስፋ ሲዳር ኮርት የሚባለው የአዛውንቶች መኖሪያ ነው፤ አንድ መኝታ ቤት፣ በመስኮቱ ወንዙ የሚታይ። እዚያ ደግሞ ባለትዳር ከሆንሽ የባልሽም ጡረታ ይደመርና «ይህን ያህል ገቢ ያላት ሴት ሌላ ትፈልግ» ይሉሻል። ከቤት ለመውጣት መፋታት አለባት። ለመፋታት ደግሞ ከቤት ወጥታ ብትሆን ጥሩ ነበር። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ሚስት ኖራው አታውቅም፤ ወይም ብዙ ነበሩት።

ሁለት ዓመት ተሰልፋ ተራዋ የደረሰው ባለፈው ሳምንት ነው። እስከ ማርች ሠላሳ አንድ እናቆይልሻለን ብለዋታል። ችሎቱ ማርች ሃያ ስድስት ነው። ዳኛው ካልፈረሙ ቤቱ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል፤ እሷም ከሰልፉ ጭራ ትጀምራለች።

«ደንቦቹን ጠብቃችኋል አይደል?» አለ ጋርላንድ።

ጠብቀዋል። አላበሰለችለትም፣ አላጠበችለትም። የማቀዝቀዣው የላይኛው ሁለት መደርደሪያ የሷ፣ የታችኛው የሱ፤ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ለጥፋለች። የልደት ስጦታ አልተሰጣጡም፤ እሱማ ድሮም አልነበረም።

«ታዲያ ማን ያውቃል? ለማን ነገራችሁ?»

ቬርና መስኮቱን አየች።

«ወይዘሮ ቬርና?»

«ለማንም።»

የጋርላንድ ፈገግታ ጠፋ። ድንቹ አልቋል ሲባል እንዲህ ነበር የሚሆነው።

እንግዲህ የዚያ አገር ሰው ነገሩ ሁሉ ይሉኝታ ነው። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጎረቤት እንዳይረበሽ ቀስ ብሎ ያጠፋል። ቬርና ዓመቱን ሙሉ የተለያየችው በሹክሹክታ ነው። አሁን ደግሞ ያን ያህል ተጠንቅቃ የደበቀችውን ነገር ያየ ሰው ፈልጊ ተባለች።

መጀመሪያ የደወለችው ለዶይል እህት ለኦፓል ነው።

«ኦፓል፣ እኔና ዶይል ከተለያየን ዓመት አለፈን።»

«ይሁና! እኔም ትናንት ጨረቃ ላይ ደርሼ መጣሁ።»

«ከልቤ ነው የምነግርሽ።»

«ወግጂ! በምስጋና በዓል ቀን የተርኪ ዶሮውን ማን ጋገረው? አንቺ። ማን ቆራረጠው? ዶይል። እኔ ዓይን የለኝም?»

«የጋገርኩት ለእናንተ ነው። እሱ ከሰው ጋር ተቀላቅሎ በላ።»

«ታዲያ ይህን ነው ለዳኛ የምነግረው? ‹ክቡር ዳኛ፣ ወንድሜ ተቀላቅሎ በላ› ልበል?» ኦፓል ሳቋ ሲያባራ ድምፅዋ ተለወጠ። «የኔ እመቤት፣ እኛ እኮ ከባሎቻችን ጋር ስንጣላ ‹እንደ ዶይልና እንደ ቬርና ብንሆን ምን አለበት› ነው የምንለው።»

ቬርና ስልኩን ዘግታ ጫማዋን አወለቀች። እግሯ ያበጠው ጠዋት ነው። ሬኔን ልትጠራ አትችልም፤ ልጅቷ ለገና ከኦሃዮ ስትመጣ ዶይል ሦስት ቀን ሶፋ ላይ አድሮ «ወገቤን አሞኝ ነው» አላት፣ እሷም አምናው የወገብ ቅባት ገዝታለት ሄደች። የቀረችው አንዲት ሴት ናት።

ወይዘሮ ሞዜል ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከቬርና ግቢ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ሁልጊዜ ሐሙስ ከሰዓት ቬርና እሳቸው ዘንድ ትሄድና የተቆራረጠ ሥዕል ይገጣጥማሉ። የዘንድሮው የባሕር መብራት ቤት ነው፤ ሺህ ቁራጭ፣ ስድስት መቶው ሰማይ።

«በሐሰት አልምልም» አሉ ወይዘሮ ሞዜል፣ ቬርና ተንተባትባ ስትጨርስ።

«ሐሰት አልጠየቅኩዎትም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልማል? ነግረሽኛል? ዓመቱን ሙሉ እዚች ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሰማይ ስትገጥሚ፣ አንድ ሐሙስ እንኳ አፍ አውጥተሽ ነግረሽኛል?»

«አልነገርኩዎትም።»

«ሬሳ አብረን አጥበን፣ ወጥ አብረን ተሸክመን።»

ቬርና ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች።

«ቁጭ በይ! አልነገርሽኝም አልኩ እንጂ አላወቅሁም አልኩ?»

አሮጊቷ ተነሥተው ከወጥ ቤታቸው መስኮት አጠገብ የተሰቀለውን የእንስሳት መኖ መደብር የሚያድለውን የቀን መቁጠሪያ አወረዱ። በየቀኑ ሳጥን ውስጥ በእርሳስ ይጽፉበታል፦ የትኛው ወፍ መጣ፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት ጣለ፣ ማን ልብስ አሰጣ። ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ቬርና መነጽሯን አጥልቃ አነበበች።

«ማርች 7። ቬርና አሰጣች። የራሷን ብቻ። ደመና።»

«ማርች 11። ዶይል አሰጣ። ሱሪውን በአንድ እግሩ። እግዚአብሔር ይርዳው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሙሉ አለ። ቬርና ገጹን ገለጠች።

«ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብትፈልጊ ትነግሪኝ ነበራ። እኔ የሰው ገመድ አያለሁ እንጂ የሰው ነገር ውስጥ አልገባም» አሉ ወይዘሮ ሞዜል። ቀጥለው ግን ቀና ብለው አዩአት። «እመሰክርልሻለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ ከማልኩ ሁሉንም ነው የምናገረው። መጽሐፉንም ጭምር።»

መጽሐፉ! ቬርና ተመልሳ ተቀመጠች።

የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናቸው በየአምስት ዓመቱ የምዕመናኑን የፎቶ መጽሐፍ ያሳትማል። ፎቶ አንሺ ከከተማ ይመጣና ምድር ቤቱ ውስጥ ሰማያዊ መጋረጃ ይሰቅላል፤ ቤተሰብ በቤተሰብ እየገባ ይነሣል፤ ለየቤቱ አንድ ትልቅ ፎቶ በነጻ ይሰጠዋል። ተራ አስከባሪዋ ወይዘሮ ሞዜል ናቸው። ባለፈው ኦክቶበር፣ በተለያዩ በሰባተኛው ወር፣ «ዶይልና ቬርና አልደርማን፣ አራት ሰዓት ከሩብ» ተብሎ ተጻፈ። መተላለፊያው ላይ ዐሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ ነበር። «እኛ ለየብቻ ነው የምንነሣው» ለማለት ዐሥራ ሁለት ሰው ፊት አፍ መክፈት ያስፈልግ ነበር። ቬርና ገብታ ተቀመጠች። ዶይል ከኋላዋ ቆመ። አሁን ፎቶው ገጽ ሦስት ላይ፣ በየምዕመኑ ቤት፣ ፈገግ ብሏል።

በማግሥቱ ጋርላንድ መጽሐፉን ገልጦ ሲያይ ጆሮው ቀላ።

«ይህ… ይህ ባልና ሚስት ነው።»

«ፎቶ ነው እንጂ።»

«ዳኛው በአደባባይ እንደ ባልና ሚስት ታይታችኋል ካሉ ዓመቱ ከኦክቶበር ይጀምራል። ሌላ ምስክር የለም?»

«ፖስታ አመላላሹ አለ። ውሻችንን ያውቀዋል።»

«ወይዘሮ ሞዜልን መጽሐፉን እንዲተዉት ቢለምኗቸው?»

ቬርና ሳቀች፤ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ። «እስቲ አንተ ሞክር። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፣ መኖር አለብኝ።»

ችሎቱ ጠዋት ነበር። ክፍሉ የወለል ሰም ሽታ አለው። ዶይል ለቀብር የሚለብሰውን ሱፉን ለብሶ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጓል፤ የሸሚዙ ትከሻ ወደ ላይ ሾል ብሎ ወጥቷል። ቬርና ከፊት ሆና ጀርባዋን ሰጠችው። ሌሊቱን አልተኛችም፤ ሰውነቷ አሸዋ የተሞላ ያህል ከብዷታል። ቢሳካም ባይሳካም ማለቁን ብቻ ነው የምትፈልገው፤ እንዲህ ብላ ራሷን ታታልላለች። ሐሳቧ ግን የወንዙ መስኮት ላይ ነው።

ወይዘሮ ሞዜል እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ዳኛው፣ ጉንፋን የያዛቸው ሰው፣ በመሐረብ አፍንጫቸውን ጠርገው ጠየቁ።

«እንዴት አወቁ፣ እመቤቴ? ሰዎቹ እኮ አንድ ቤት ውስጥ ነው ያሉት።»

«በልብስ ገመዱ፣ ክቡር ዳኛ።»

«በልብስ ገመድ?»

«ሚስት ያጠበችው የወንድ ሸሚዝ ተዘቅዝቆ በታችኛው ጫፉ ነው የሚሰጣው። ወንድ ራሱ ሲያሰጣው በትከሻው ይቆነጥጠዋል። ሲደርቅ ትከሻው ላይ ቀንድ ያወጣል። ዶይል አልደርማን ከማርች ጀምሮ ቀንድ አውጥቶ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው። አሁንም ዞር ብለው ይዩት።»

ዳኛው አዩት። ዶይል እጁን ወደ ትከሻው ሰደደ። ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ በኩል ሳቅ የመሰለ ሳል ተሰማ። የቀን መቁጠሪያው ቀረበ፣ ተገለጠ፣ ተነበበ። ጋርላንድ ቸኩሎ «ሌላ ጥያቄ የለኝም፣ ክቡር ዳኛ» አለ።

«እኔ ግን አልጨረስኩም» አሉ ወይዘሮ ሞዜል። «እውነቱን ሙሉውን ብዬ ነው የማልኩት።»

ከቦርሳቸው የፎቶ መጽሐፉን አወጡ። ቬርና ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ዓመት ተሰልፋ ሰባ ሊሞላት ሲል ተራዋ እንደገና ሲደርሳት ታያት።

ዳኛው ገጽ ሦስትን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «‹ዶይልና ቬርና አልደርማን።› ኦክቶበር ነው የተነሡት?»

«ኦክቶበር ዐሥራ ዘጠኝ። እኔ ነኝ ያስገባኋቸው።»

«አቶ ጋርላንድ፣ እዚህ ላይ የማየው ባል እጁን ሚስቱ ትከሻ ላይ ጥሎ ነው። ይህ ያስቸግረኛል።»

ጋርላንድ ክራቫቱን አላላ።

«አልጣለም» አሉ ወይዘሮ ሞዜል።

«ምን አሉ?»

«እጁን አልጣለም። መነጽርዎን ያስተካክሉና ይዩት። ፎቶ አንሺው ‹ትከሻዋን ያዝ አድርጋት› አለው። ዶይል ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ‹ልንካሽ ወይ?› ብሎ ጠየቃት። ወረቀቴን ይዤ አጠገባቸው ነው የቆምኩት፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። እሷም ‹አትንካኝ፤ ከላይ ብቻ አድርገው፣ ፎቶው ላይ አንድ ነው› አለችው። ክቡር ዳኛ፣ እኔ አርባ አንድ ዓመት አግብቼ ኖሬያለሁ፤ ነፍሱን ይማረው፣ ባሌ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም። ፈቃድ የሚጠይቅ ባል ካዩ፣ ባል መሆኑን ትቷል ማለት ነው።»

ዳኛው መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። በዶይል መዳፍና በቬርና ሹራብ መካከል አንድ ጣት የምታህል ሰማያዊ መጋረጃ ትታያለች።

«አቶ አልደርማን» አሉ ቀና ብለው። «እውነት ነው?»

ዶይል ተነሣ። ሰው ፊት መናገር አይወድም። «አዎ፣ ጌታዬ። አልነካኋትም።» ከዚያ ጨመረ፦ «ነግራኝ ነበራ። ከማርች ሦስት ጀምሮ።»

ቬርና ሳታስበው ዞር አለች። ዓሣውን እያየ ያልሰማት መስሏት ነበር።

ዳኛው እንደገና አፍንጫቸውን ጠርገው ፈረሙ። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ብዕር፤ ያውም መጀመሪያ ላይ ቀለሙ እምቢ ብሏቸው ሁለቴ ጫር ጫር ማድረግ ነበረባቸው። ጋርላንድ እንኳን ደስ ያለዎት አላት። ቬርና ደስታውን ውስጧ ፈለገችው፤ ያገኘችው የእግሯን ሕመም ብቻ ነው።

ወይዘሮ ሞዜል መኪና የሚነዱት በእግር የሚሄድ ሰው በሚቀድማቸው ፍጥነት ስለሆነ፣ ቤት ስትደርስ ዶይል ቀድሟታል። ሱፉን አውልቆ ምድጃው ላይ ቡናማ ባቄላ ያማስላል፤ የበቆሎ ዳቦ ከታችኛው መደርደሪያ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቬርና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስልኩን አነሣችና ወደ ሲዳር ኮርት ደወለች።

«ባለትዳር ነዎት?» አለች ሴትዮዋ ከወዲያ በኩል።

ዶይል ማማሰሉን አቆመ።

«አይደለሁም።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«አለኝ» አለች ቬርና፤ ወረቀቱን በእጇ ዳበሰችው። «ከመሐላ ጋር። የልብስ ገመድ ሳይቀር ተመስክሯል።»

ሴትዮዋ አልገባትም፤ ግን ቅዳሜ ቁልፍ ይውሰዱ አለቻት። ቬርና ስልኩን ዘግታ እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ጫማዋን ለማውለቅ ማጎንበስ ከበዳት፤ በእግሯ እግሯን ገፍታ አወለቀችው።

«በልተሻል?» አለ ዶይል።

ቀና ብላ አየችው። ማንኪያውን እንደያዘ ቆሟል።

«አልበላሁም።»

ሁለት ሰሃን አወጣ። ከዚህ በኋላ አብሮ መብላት ምንም አያፈርስም፣ ምንም አይጀምርም፤ ሕጉ ሁለቱንም ረስቷቸዋል። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ፕላስተር በአንድ ጫፉ ተላቅቆ ተንጠልጥሏል፤ ማንም አላነሣውም።

«ቅዳሜ ነው የምትሄጂው?»

«ቅዳሜ።»

«ዕቃሽን በኔ መኪና ላመላልስልሽ?»

ቬርና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልትቆጣ ፈለገች፤ ጉልበቱን አጣችው። «ይህን ሁሉ ጥያቄ የት ደብቀኸው ነበር፣ ዶይል?»

ዶይል ከልቡ አሰበ። የበቆሎ ዳቦውን ቆረሰ፣ ባቄላው ውስጥ ነከረ፣ ሳይበላው ያዘው።

«የማውቅሽ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ሞዜል የደረቀ አንሶላቸውን ሲሰበስቡ፣ በዚያም በኩል ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርገው ሲያዩ ታዩ። ቬርና እጇን አውለበለበችላቸው። ከዚያ አንድ ማንኪያ ጎረሰች።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

«የኔ ነዋ» አለ ዶይል።

ሲጨርሱ እሱ የራሱን ሰሃን አጠበ፣ እሷም የራሷን።